አክስቴ ቡና ላይ የሌለችው ቅጠል

አምና ለሥራ በርሊን ሄጄ ነበር። አንድ ማታ ውሃ ልገዛ ከሆቴሌ አጠገብ ያለ ሱፐርማርኬት ገባሁ። ሐበሻ ውጭ አገር ሱፐርማርኬት ሲገባ ግን እግሩ ሳያስበው ወደ ቡናው መደርደሪያ ነው የሚወስደው። ሁለት ከረጢቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። ሁለቱም 250 ግራም ናቸው፣ ሁለቱም ላይ «ኢትዮጵያ» ይላል። አንደኛው ላይ ግን በአረንጓዴ መደብ ላይ ከነጭ ከዋክብት የተሠራች ትንሽ ቅጠል አለች። ዋጋውም በ3 ዩሮ ይበልጣል።

ፎቶ አንስቼ የቤተሰብ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። እህቴ ወዲያው መለሰች፦ «እና ልዩነቱ ምንድን ነው? ይገባዋል?» ጥያቄው የቀልድ አልነበረም። እህቴ የ8 ወር ልጅ አላት፣ በዚያ ሰሞን «ኦርጋኒክ» የሚል የተለጠፈበትን ሁሉ፣ ከእንቁላል እስከ ገንፎ ዱቄት፣ ከደመወዟ እየቀነሰች ትገዛ ነበር። የሚከለክላትም አልነበረም። ለልጅ ነው ሲባል ማን ይከራከራል?

የሚያሳፍረው ነገር፣ መልሱን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት በኮንትራት የሠራሁት ሲስተም ሥራው ይሄው ነበር፦ ቡና አምራች ገበሬዎችን መዝግቦ የትኛው ቅጠሏ እንደሚገባው መለየት። እያንዳንዱ ገበሬ አንድ ረድፍ ነው። ስም፣ የማሳ ስፋት፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ የቡና ዛፍ ብዛት፣ ለመጨረሻ ጊዜ ኬሚካል የተጠቀመበት ዓመት፣ ተቆጣጣሪ የጎበኘበት ቀን። መጨረሻ ላይ አንዲት ዓምድ አለች፦ «ኦርጋኒክ»። እሴቷ አዎ ወይም አይ ነው። ሦስተኛ ምርጫ የለም። ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ግን ያቺ ዓምድ ከየት እንደመጣች ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሌላም ነገር አለ። አክስቴ አጋሮ አካባቢ ቡና አላት። ከዋንዛና ከሰሳ ጥላ ሥር የበቀለ፣ አባቷ ያወረሷት ቡና ነው። በሕይወቷ አንድ ከረጢት ዩሪያ ቡናዋ ሥር ጥላ አታውቅም። ዳታቤዙን ስፈትሽ፣ ሥራ ፈት ስለሆንኩ፣ ስሟን ፈለግኩት። የለም። የማኅበር አባል አይደለችም፤ እሸቱን ለሰብሳቢ ነው የምትሸጠው። ስለዚህ እኔ የሠራሁት ሲስተም ለእሷ «አይ» እንኳን አላለም። ጭራሽ አያውቃትም።

እህቴን «ቆይ፣ እመለስበታለሁ» ብያት ማንበብ ጀመርኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከቃሉ እንጀምር፣ ምክንያቱም ቃሉ ራሱ ያስቃል። ኬሚስትሪ ክፍል «ኦርጋኒክ» ማለት ካርቦንን መሠረት ያደረገ ውህድ ማለት ነበር። 1828 ላይ ፍሪድሪክ ቮለር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ላቦራቶሪ ውስጥ ዩሪያን ሠራ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ውህድ ከሕያው አካል ውጭ አይገኝም ይባል ነበር። ስለዚህ በኬሚስቶች ቋንቋ ዩሪያ ኦርጋኒክ ነው፤ እንደውም በታሪካቸው ዝነኛው ኦርጋኒክ። በኦርጋኒክ ግብርና ደግሞ ከፋብሪካ የወጣ ዩሪያ ማሳ ውስጥ ከገባ ምልክቷን ታጣለህ። አንድ ቃል ሁለት ተቃራኒ ትርጉም ይዞ ሲሄድ፣ መሃል ላይ አንድ ጠብ ተፈጥሯል ማለት ነው።

ጠቡ የተጀመረው ጀርመን ውስጥ ነው። ፍሪትዝ ሃበር 1909 ላይ ከአየር ናይትሮጅን አሞኒያ መሥራት እንደሚቻል አሳየ፤ ካርል ቦሽ ወደ ፋብሪካ አሳደገው፣ 1913 ላይ ኦፓው በተባለ ቦታ ምርት ተጀመረ። የምናውቀው ዩሪያ የዚህ ሒደት ልጅ ነው። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ገደማው ያለዚህ ናይትሮጅን የሚበላው ባላገኘ ነበር ተብሎ ይገመታል። ያው ናይትሮጅን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈንጂም ሆኗል። ሃበር ራሱ 1915 ላይ ቤልጂየም ውስጥ በኢፕር ግንባር የክሎሪን ጋዝ ጥቃት የመራ ሰው ነው። ማዳበሪያንና መርዝን በአንድ እጅ ያያዘ ስም ነው፣ ሰዎች ቢፈሩት አይገርምም።

ሃበር የተወለደው ብሬስላው በምትባል ከተማ ነው፤ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ናት፣ ስሟም ቭሮትስዋፍ ሆኗል። 1924 ላይ፣ ከዚያችው ከተማ ብዙ በማትርቅ ኮበርቪትዝ በምትባል መንደር፣ ሩዶልፍ ሽታይነር የተባለ ኦስትሪያዊ አሳቢ ለገበሬዎችና ለባለርስቶች ተከታታይ ትምህርት ሰጠ። መሬታችን ደክሟል፣ ዘራችን ሳስቷል ብለው ነበር የጠሩት። ትምህርቱ አንድ እርሻ እንደ አንድ ሕያው አካል ይታይ የሚል ነበር፤ ፍግ በላም ቀንድ ሞልቶ ክረምቱን መሬት ውስጥ መቅበር የሚል ምክርም አለበት። እኔ ኢንጂነር ነኝ፤ ቀንዱ ላይ ስደርስ ማንበቤን ልተው ምንም አልቀረኝም። ግን የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት የምርት ምልክት፣ «ዴሜተር»፣ ከዚያ የወጣ ነው። የማዳበሪያው አባትና የማዳበሪያው ተቃዋሚዎች ከአንድ ሰፈር ወጡ ማለት ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ሰው ነው። አልበርት ሃዋርድ እንግሊዛዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነበር፤ 1905 ላይ ገበሬዎችን ሊያስተምር ሕንድ ተላከ። ከዚያ እዚያ ያሉትን ገበሬዎች ማሳ ሲያይ፣ ሰብላቸው ከሱ ሙከራ ጣቢያ ይልቅ በሽታ አይበዛበትም። አስተማሪዎቼ እነሱ ይሁኑ አለ። ከእነሱ የተማረውን፣ ገለባንና አረምን ከፍግና ከሽንት ጋር እየደራረቡ ማብሰልን፣ ለክቶና መዝግቦ ኢንዶር በምትባል ከተማ ስም ሰየመው፤ 1940 ላይ በመጽሐፍ አወጣው። በዚያው ዓመት «ኦርጋኒክ እርሻ» የሚለው ስም በሌላ እንግሊዛዊ፣ በሎርድ ኖርዝቦርን መጽሐፍ ውስጥ ታየ። 1942 ላይ አሜሪካዊው ሮዴል በዚሁ ስም መጽሔት ጀመረ። 1946 ላይ እንግሊዝ ውስጥ የአፈር ማኅበር ተቋቋመ። 1962 ላይ የሬቸል ካርሰን መጽሐፍ ስለ ዲዲቲ ወጣና ነገሩ የባለርስቶች ወግ መሆኑ ቀረ።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም ልበል። እውቀቱ የመጣው ማዳበሪያ መግዛት ከማይችል ደሃ ገበሬ ነው። ሃዋርድ ይህን አልደበቀም፣ ያመሰግነዋል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ግን ያው ገበሬ፣ አባቱ ያስተማሩትን እንደሚሠራ ለማስመስከር የውጭ ተቆጣጣሪ ድርጅት ቀጥሮ እንዲከፍል ተጠየቀ። እንዴት እዚህ ተደረሰ?

መልሱ ርቀት ነው። መጀመሪያ ላይ ገዥው ገበሬውን ያውቀዋል፣ ጥያቄ ካለው ይጠይቀዋል። ገበያው ሲሰፋ፣ አንዱ ካሊፎርኒያ ሌላው ኒው ዮርክ ሲሆን፣ «ኦርጋኒክ ነው» ብሎ መዋሸት ቀላል ሆነ። ስለዚህ ሕግ መጣ፦ አሜሪካ በ1990፣ አውሮፓ በ1991። የበርሊኗ የከዋክብት ቅጠል ደግሞ ከሐምሌ 2010 ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ ግዴታ ሆነች። ሕጉ የሚመረምረው በዋናነት ምግቡን አይደለም። የሚመረምረው ታሪኩን ነው። ማሳው ላይ ምን ገባ፣ መቼ፣ ማን አየው፣ ከማን ምርት ጋር ተቀላቀለ። እንደ ቡና ባለ ቋሚ ተክል ላይ ከመልቀም በፊት የ36 ወር ንጹሕ ታሪክ ይጠየቃል። እኔ በሥራ ቋንቋዬ «ሎግ» የምለው ማለት ነው። ቅጠሏን ስትገዛ የምትገዛው ሎጉን ነው።

አሁን ወደ ቤታችን።

ኢትዮጵያ ውስጥ የፋብሪካ ማዳበሪያ በስፋት ለገበሬ መታየት የጀመረው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1967 በስዊድን ድጋፍ አርሲ ውስጥ፣ አሰላ ላይ፣ በአጭሩ «ካዱ» የተባለው ፕሮጀክት ተጀመረ። ስንዴና ማዳበሪያ አብረው መጡ። ዳፕና ዩሪያ የአማርኛ ቃል እስኪመስሉ ድረስ ገጠር ለገጠር ተለመዱ። ቡናው ግን በአብዛኛው ከዚህ ውጭ ቀረ። ሰው ያለውን ማዳበሪያ የሚጥለው ለጤፉ፣ ለስንዴው፣ ለበቆሎው ነው። ቡና ቅጠሉ ረግፎ፣ በስብሶ፣ ራሱን ይመግባል።

ቡናችን በኬሚካል ሊጥለቀለቅ የቀረበበት ጊዜ ግን ነበር። 1971 ላይ ፍሬውን ገና አረንጓዴ ሳለ የሚያጠቁር የፈንገስ በሽታ አገር ውስጥ መግባቱ ታወቀ። አንዱ መንገድ መርጨት ነው፤ ተረጭቷልም። የጅማ ተመራማሪዎች ግን ጎን ለጎን ሌላ ነገር አደረጉ። ወደ ጫካው ገብተው፣ ዙሪያው ሁሉ ታሞ እነሱ ያልታመሙትን ዛፎች ፈልገው፣ ዘራቸውን ወስደው አባዙ። ዛሬ የውጭ ቆይዎች ከረጢት ላይ 74110 ወይም 74112 የሚል ቁጥር ካያችሁ እነዚያ ናቸው፤ መጀመሪያ ላይ ያለው 74 ዛፉ የተመረጠበት ዓመት ነው። ለእኔ ይሄ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። «ቡናችን በተፈጥሮው ኦርጋኒክ ነው» እያልን ስንኩራራ፣ እንደዚያ እንዲቆይ የደከሙ ሰዎች እንዳሉ እንረሳለን። እኔም ያወቅኩት አሁን ነው።

ከዚያ የወረቀቱ ዘመን ገባ። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን 1999 ላይ ተመሠረተ፤ የዚያን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ታደሰ መስቀላ በ2006 የወጣው «ብላክ ጎልድ» ዘጋቢ ፊልም ላይ ገዥ ፍለጋ ከአገር አገር ሲዞሩ ይታያሉ። ዩኒየኖቹ ኦርጋኒክና ፌርትሬድ ሰርተፍኬት አውጥተው በቀጥታ መላክ ጀመሩ። 2006 ላይ የኢትዮጵያ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅም ወጣ።

2008 ላይ ደግሞ ጃፓን፣ ከቡናችን ዋና ገዥዎች አንዷ፣ በደረሳት ቡና ውስጥ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘችና ግዢው ቆመ። ሊንዴንና ክሎርዴን የመሳሰሉ፣ ብዙ አገር የከለከላቸው አሮጌ መርዞች ናቸው። ገበሬው እነዚህን ቡናው ላይ አይረጭም። ታዲያ ከየት መጡ? ጥርጣሬው ያረፈው ጆንያው ላይ ነው። አስቡት፦ ከጫካ ጥላ ሥር፣ በእጅ ተለቅሞ፣ አልጋ ላይ በፀሐይ ደርቆ፣ መጨረሻ ላይ የሚያቆሽሸው ዕቃው ነው። «በተፈጥሮው ኦርጋኒክ» የሚለው አባባል ማሳው ላይ ያበቃል። ከማሳ እስከ ወደብ ያለውን ማንም አላየም ነበር። ሎጉ አልነበረም።

በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ፤ ከዓመቱ መጨረሻ አንስቶም ቡና በእሱ በኩል ይሸጥ ጀመር። ዋጋ ለሁሉም እኩል እንዲታይ፣ ገበሬው እንዳይታለል የታሰበ ነው፤ በዚህ በኩል ጥሩ ሐሳብ ነበር። ግን ቡናው መጋዘን ሲገባ በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ይቀላቀል ነበር። የማን ማሳ እንደሆነ ጠፋ። ማሳው ከጠፋ ታሪኩ ጠፋ፣ ታሪኩ ከጠፋ ቅጠሏ የለችም። በቀጥታ መላክ የተፈቀደላቸው የማኅበራት ዩኒየኖችና የራሳቸው እርሻ ያላቸው ላኪዎች ነበሩ። እንደ አክስቴ ለሰብሳቢ የሚሸጥ ሰው፣ ምንም ያህል ንጹሕ ቢያመርት፣ በሩ ተዘጋበት። 2017 ላይ ሕጉ ተሻሽሎ ነገሩ ላላ ብሏል፤ እሷ ጋ ግን እስካሁን የደረሰ ነገር የለም።

እኔ ሥራውን ስይዝ ደግሞ አዲሱ የአውሮፓ ሕግ፣ ከ2022 ጀምሮ የሚሠራው፣ ሁሉንም እያተራመሰ ነበር። አንድ የገበሬዎች ቡድን ከ2000 አባል መብለጥ የለበትም፣ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ይኑረው ይላል። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ቡድኑ ከበዛ ቁጥጥሩ ይላላል። የእኛ ማኅበራት ግን ለዚህ ቁጥር ተብለው የተሠሩ አይደሉም። ሦስት ወር ሙሉ የሠራሁት ሥራ ምን ነበር ብትሉኝ፣ ሰዎችን መከፋፈል ነበር። ሁለት ወንድማማቾች፣ አጥራቸው የሚገናኝ፣ በእኔ ስክሪፕት ምክንያት በሁለት የተለያዩ «ድርጅቶች» ውስጥ ወድቀዋል። አፈራቸው አልተለወጠም፣ የተለወጠው መታወቂያ ቁጥራቸው ነው።

እሺ፣ ገንዘቡስ? ፌርትሬድ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በይፋ ያስቀመጠው የኦርጋኒክ ጭማሪ በአንድ ፓውንድ ጥሬ ቡና 40 የአሜሪካ ሳንቲም ነው፤ ከዚያ በፊት 30 ነበር። በርሊን ያየሁት ከረጢት የፌርትሬድ ምልክት አልነበረውም፤ ግን ለስሌት የሚሆን በይፋ የታወቀ ቁጥር ይሄ ስለሆነ እንያዘው። ቡና ሲቆላ ክብደቱ ይቀንሳል፤ 250 ግራም የተቆላ ለማግኘት 300 ግራም ገደማ ጥሬ ያስፈልጋል። ያ የፓውንድ ሁለት ሦስተኛ ነው። ስለዚህ ጭማሪው 26 ሳንቲም አካባቢ ይሆናል። ደንበኛው የከፈለው ጭማሪ 3 ዩሮ። አሥር እጅ አንዱም አይሞላም። እሱም የሚደርሰው ለማኅበሩ ነው፤ ከዚያ ላይ የተቆጣጣሪ፣ የመኪና፣ የባለሙያ፣ እና (ይቅር በሉኝ) የሶፍትዌር ወጪ ይነሣል። እኔ የተከፈለኝን ደመወዝ በ26 ሳንቲም ለማካፈል ሞክሬ ተውኩት።

ይህ ማለት ግን ጭማሪው ሌብነት ነው ማለት አይደለም። ለየብቻ ማጓጓዝ፣ ለየብቻ ማከማቸት፣ ለየብቻ መቁላት ወጪ አለው። ሎግ ርካሽ አይደለም፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ለጤናስ? እህቴ የጠየቀችው እሱን ነው። 2012 ላይ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ከ200 በላይ ጥናቶችን ገምግመው፣ ኦርጋኒኩ በቫይታሚን ይበልጣል የሚያሰኝ ጠንካራ ማስረጃ አላገኙም። የፀረ ተባይ ቅሪት ግን የተገኘው ከኦርጋኒኩ ናሙና 7 በመቶው ላይ፣ ከመደበኛው 38 በመቶው ላይ ነው፤ በሁለቱም ከተፈቀደው ልክ ያለፈው ጥቂት ነው። 2014 ላይ በኒውካስል የተመራ ሌላ ግምገማ ደግሞ ኦርጋኒኩ ሰብል ካድሚየም እንደሚቀንሰው፣ አንቲኦክሲዳንት እንደሚጨምርለት ጻፈ። በእኔ ንባብ፣ ለበላተኛው ያለው ልዩነት አለ ግን ትንሽ ነው። ትልቁ ልዩነት ያለው የሚረጨው ሰው ጋ ነው፤ ጓንት ሳይኖረው፣ በጀርባው ተሸክሞ፣ ባዶውን ጠርሙስ ለውሃ ለሚጠቀመው።

ደግሞ ሁሉም ነገ ጠዋት ኦርጋኒክ ይሁን የሚለውም አያስኬድም። ስሪላንካ በ2021 የኬሚካል ማዳበሪያ እንዳይገባ በአንድ ጊዜ ከልክላ፣ የሩዝ ምርቷ አሽቆልቁሎ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ለመመለስ ተገደደች። እኛ ጋ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባልደረቦቻቸው ከ1996 ጀምሮ ትግራይ ውስጥ በኮምፖስት የሠሩት ሥራ፣ ከማዳበሪያ ጋር የሚስተካከል ምርት እንደሚገኝ አሳይቷል። ግን መንደር በመንደር፣ በዓመታት ትዕግሥት ነበር። አፈር በአዋጅ አይለወጥም።

አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ያቺ ቅጠል የምትመልሰው የእኛን ጥያቄ አይደለም። የአውሮፓ ጥያቄ «ምን ተረጨበት?» ነው። የእኛ ጎመንና ሰላጣ ብዙው የሚበቅለው በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ውሃ ነው፤ በዚያ ውሃ የፋብሪካና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ አለ፤ በአትክልቱ ላይ ከባድ ብረቶች እንደሚገኙ በተደጋጋሚ ተጽፏል። ያ ጎመን አንድም ቀን ኬሚካል ላይረጭበት ይችላል። እኔ የሠራሁት ሲስተም ውስጥ ቢገባ፣ የማጠጫ ውሃ የሚል ዓምድ ስላልነበረው፣ «አዎ» ብሎ ያሳልፈው ነበር።

በመጨረሻ ለእህቴ ደወልኩላት። ገንፎ ዱቄቱን ተይው አልኳት፤ ያ «ኦርጋኒክ» የሚል ጽሑፍ ሰርተፍኬት ቁጥር ከሌለው ቀለም ነው። አገላብጣ አየችው። የለውም። እንቁላሉስ? እሱም የለውም። ትንሽ ተናደደች፣ በእኔ ይሁን በሻጩ እንጃ።

«ስንት ወር ሙሉ!» አለች። «እና ምን ልግዛ?»

«ጎመኑን የት ነው የምትገዢው?»

«እዚህ ሰፈር፣ ጉሊት።»

«እሷስ ከየት ነው የምታመጣው?»

ዝም አለች። ከበስተጀርባ ልጁ ማንኪያ ሲያንኳኳ ይሰማኛል።

«ሦስት ዓመት ከሷ ስገዛ ጠይቄያት አላውቅም» አለች። «ቅዳሜ እጠይቃታለሁ።»